የእመት አህያ እርጥብ ግድግዳ

አንድ ጊዜ፣ ወንዝ ተጠምዝዞ በሚያልፍበት ሜዳ ዳር፣ እመት አህያ የምትባል ደግ እናት ትኖር ነበር። ቤቷ ጭቃ ቤት ነው፤ ምሰሶው ጥድ፣ ማገሩ ቀርከሃ፣ ምርጊቱ ጭድ የገባበት ጭቃ። ትልቅ ቤት አልነበረም። ነገር ግን እንጨቱንም አፈሩንም ጀርባዋ እስኪላጥ ተሸክማ ያመጣችው ራሷ ስለሆነች፣ ስለ ቤቷ ሲወራ ጆሮዎቿ ቀጥ ይላሉ። አህያ ደግሞ እንዲያ ያለ ጆሮ ይዛ ኩራቷን መደበቅ አትችልም።

በዚያ ዓመት እመት አህያ የምትጠብቀው ትልቅ ነገር ነበራት። ከተራራው ማዶ የተዳረችው ልጇ ዳለቻ የመጀመሪያዋን አርግዛለች። በአገሩ ልማድ የመጀመሪያ ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ዳለቻ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ልትመጣ፣ እናቷ ጓዳ ልትሰነብት፣ መስከረም ሳያልቅም ልትወልድ ቀኑ ተቆርጧል። እናትየው ከሰኔ ጀምራ ጓዳውን ስትጠርግ፣ የጠፍር አልጋውን ስታጠብቅ፣ ለስላሳ ገለባ ስትመርጥ ከረመች።

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል ወንዙ ሞላ። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ውሃው ዳርቻውን ጥሶ ሜዳውን አለበሰውና እመት አህያ ቤት ገባ። እሷም ዶሮዎቿን ቆጥ ላይ ሰቅላ ወደ ኮረብታው ሸሸች። ጎርፉ ሁለት ቀን ሙሉ እቤቷ ተኛ። በሦስተኛው ቀን ሲወጣ እስከ ጉልበት የሚደርስ ጭቃ ወለሉ ላይ ትቶ፣ ግድግዳው ላይ ደግሞ እስከ ደረቷ የሚደርስ ቡናማ መስመር አስምሮ ሄደ።

እመት አህያ ደጃፏ ላይ ቆማ አለቀሰች። አህያ ስታለቅስ ሰምታችሁ እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ አገር ምድሩ ነው የሚሰማው። ጎረቤቶቿ እመት ላምና እመት በቅሎ ግን የየራሳቸው ቤት ተጥለቅልቆባቸው ስለነበር ቶሎ አልደረሱላትም። ቀድሞ የደረሰው ኮረብታው ላይ የሚኖረው አቶ ቀበሮ ነው። ጎርፉ እሱን አልነካውም፤ ጠጉሩ ደርቆ፣ ተበጥሮ፣ ያምር ነበር። ከኋላው አያ ጅቦ እያነከሰና አፈር እያሸተተ ይከተለዋል።

«እመቤቴ፣ አያልቅሱ» አለ አቶ ቀበሮ አንገቱን ሰበር አድርጎ። «እኔ ጎርፍ የገባበትን ቤት ማደስ እንጀራዬ ነው። አንድ ቀን ይስጡኝ። ጎርፍ የሚባል ነገር ይህን ቤት ረግጦት የሚያውቅ አይመስልም።»

ለድካሙ የጠየቀው ሁለት ዶሮ ብቻ ነው። አያ ጅቦ ደግሞ ምንም አይፈልግም፤ የተበላሸውን ዕቃ ከቤት ማውጣቱ ለእሱ በቂው ነው ተባለ። እመት አህያ ይህን ስትሰማ ትንሽ ሸሸት አለች። ከአያ ጅቦ ጋር የቆየ የቤተሰብ ጉዳይ ነበራት፤ አያቷን የበላው የእሱ አያት ነው። አቶ ቀበሮ ግን አያ ጅቦ በጠራራ ፀሐይ፣ እሱ ራሱ ቆሞ እያየው እንደሚሠራ ምሎ ተገዝቶ አረጋጋት።

ነገሩ በዚህ ሊያልቅ ሲል እመት ጃርት እያዘገመች መጣች። እመት ጃርት በዚያ ሜዳ የታወቀች ባለሙያ ናት። ጎርፍ የገባበትን ቤት ማድረቅና ማደስ ከአያቷ የወረሰችው ሥራ ነው። ብዙ አታወራም። ሰላምታ ሰጥታ፣ ጉዳቱን በዓይኗ ለክታ፣ ከጀርባዋ አንድ ረጅም እሾህ ነቅላ ግድግዳው ውስጥ ሰካችው። ጥቂት ቆየችና መዝዛ ጉንጯ ላይ አስነካችው። እሾሁ ቀዝቅዞ፣ ጫፉ ላይ ጭቃ ይዞ ወጣ።

«እህቴ፣ ግድግዳው ውሃ ጠጥቷል» አለች። «ውሃው ካሰመረው መስመር አንድ ክንድ ከፍ ብለን ምርጊቱን እንላጠው። ማገሩ ፀሐይና ነፋስ ያግኝ። ከቤቱ ጀርባ ቦይ ይቆፈር። እሾሁ ደርቆ ሲወጣ ያኔ እንመርጋለን። ሃያ ቀን፣ ዝናቡ ካላቆመም ከዚያ በላይ ይፈጃል።»

እመት አህያ በልቧ ቆጠረች። ለአዲስ ዓመት የቀረው አሥር ቀን ነው። ልጇ ነፍሰ ጡር ሆና፣ ተራራ ወጥታ ወርዳ ስትመጣ፣ አጥንቱ የወጣ ቤት ልታሳያት ነው? ጎረቤት እንኳን አደረሰሽ ሊል ሲመጣስ? ጆሮዎቿ ከሁለት ወገን ዝቅ አሉ።

አቶ ቀበሮ ፊቷን አየ። ከዚያ በለሰለሰ ድምፅ፣ እመት ጃርት ሥራ አዋቂ መሆኗን እንደማይክድ፣ ነገር ግን ቤት ማደስና ቤት ማፍረስ ለየቅል መሆናቸውን ተናገረ። እመት አህያም እመት ጃርትን አመስግና ሸኘቻት፤ ሥራውን ለአቶ ቀበሮ ሰጠች። እናት ናትና አንፍረድባት።

በማግስቱ ሥራው ተጀመረ። አቶ ቀበሮ ጥላ ሥር ተቀምጦ ያዛል፤ አያ ጅቦ ይሠራል። እውነቱን ለመናገር አያ ጅቦ ጭቃ በማውጣት የሚስተካከለው አልነበረም፤ ጉልበቱ እንደ ጉድ ነው። ችግሩ የተበላሸ ዕቃ የሚለው ላይ መጣ። በአያ ጅቦ ሐሳብ ተበላሸ የሚባለው ከቆዳ የተሠራ ነገር ሁሉ ነው። ቁርበቱን አወጣና ከቤቱ ጀርባ ዞር ብሎ በላው። ስልቻውን በላው። የጭነት መጫኛዋን ጠፍር በላው። በመጨረሻም የአልጋውን ጠፍር አንድ በአንድ እየፈታ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ በደስታ እያኘከ ጨረሰው። ያን ሁሉ ጥላ ሥር አድርቆ ቅቤ ቢቀባው ኖሮ ዓመታት የሚያገለግል ዕቃ ነበር።

እመት አህያ አልጋዬስ ብላ ስትጠይቅ፣ አቶ ቀበሮ ጎርፍ የነካው ቆዳ በሽታ እንደሚያመጣ አስረዳት። እንዲህ ያለ አዋቂ ፊት ስለ ጠፍር መከራከር አሳፈራት።

ከዚያ በኋላ እርጥቡን ግድግዳ እንደ እርጥበቱ በአዲስ ጭቃ መረጉት፤ ላዩንም በእበት ለቀለቁት። ቡናማው መስመር ጠፋ። ወለሉ አሁንም ሲረግጡት ውሃ እየተፋ ቸፈግ ቸፈግ ይል ስለነበር፣ አቶ ቀበሮ ዐውደ ዓመት አይደለም እንዴ፣ ቄጠማ ይጎዝጎዝበት እንጂ አለ። እመት አህያ ይህን ሐሳብ ወደደችው። ቄጠማ ለእንግዳ የሚጎዘጎዝ ክብር ነው። ራሷ ወንዝ ዳር ወርዳ አጨደች፣ ራሷ ተሸከመች፣ ራሷ ጎዘጎዘች። በመንገድ ላይ ሁለት አፍ ሙሉ መቅመሷን ያየ የለም።

ሲመሽ ቤቱ አዲስ መሰለ። እመት ላምና እመት በቅሎ መጥተው አይተው ተደነቁ፤ በዚያው ሳምንት እነሱም አቶ ቀበሮን አስጠሩት። አቶ ቀበሮ ከየቤቱ ሁለት ሁለት ዶሮ፣ አያ ጅቦም ከየቤቱ የተበላሸ ዕቃውን ወሰደ።

ዳለቻ በዋዜማው ደረሰች። ሆዷ ገፍቶ፣ ደክሟት፣ ግን እየሳቀች ገባች። እናትየው አንገቷን ልጇ አንገት ላይ ጥላ ለረጅም ጊዜ ቆየች። አልጋው ጠፍር ስላልነበረው መሬት ላይ፣ ከጓዳው ግድግዳ ሥር፣ ወፍራም ገለባ አነጠፈችላት። ልጅቱ ቤቱ እንዴት እንዲህ እንዳማረ ጠየቀች፤ የእናትየው ጆሮዎች እንደ ድሮው ቀጥ አሉ።

በአዲስ ዓመት ቀን እንግዶች መጡ። እመት ጃርትም እሾሆቿ ላይ አደይ አበባ ሰክታ እንኳን አደረሳችሁ ልትል መጣች። ስትገባ እግሯ ቄጠማው ላይ ቀዘቀዘ። አፍንጫዋን የሻገተ ነገር ሸተተው። ሰው ፊት አልተናገረችም፤ እመት አህያን ወደ በሩ ሳብ አድርጋ፣ ቤቱ ከውስጥ እንዳልደረቀ፣ ነፍሰ ጡር እዚያ መተኛት እንደሌለባት በሹክሹክታ ነገረቻት።

እመት አህያ ፊቷን አኮሳተረች። «በዐውደ ዓመት ቤቴ ገብተሽ ነው ነውር የምትፈልጊብኝ?» አለቻት።

እመት ጃርት ከጀርባዋ አንዷን አደይ አበባ ነቅላ ለዳለቻ ሰጥታ ወጣች።

ከዚያ ቀን በኋላ ዳለቻ መሳል ጀመረች። መጀመሪያ የመንገድ አቧራ ነው ተባለ። ቀጥሎ ብርድ ነው ተባለ። እናትየው ግን ጠዋት ጠዋት ስትነሳ ቄጠማው ጠቁሮ፣ ከሥሩ ውሃ አቁሮ ታገኘው ጀመር። ምን አደረገች መሰላችሁ? ልጇ ሳትነቃ ወንዝ ወርዳ አዲስ ቄጠማ አጭዳ በአሮጌው ላይ ትጎዘጉዝበታለች። በማግስቱም እንደዚያው። ለምለም ሣር እርጥብ ወለል ላይ ሲደራረብ እርጥበቱን እንደሚያፍነው አላሰበችም፤ ወይም አስባ አላሰብኩም አለች። በሳምንቱ ከልጇ ራስጌ ግድግዳው ሥር ነጫጭ እንጉዳዮች በቀሉ። እነሱንም አንድ በአንድ ነቅላ ጣለቻቸው። ከወንዝ ስትመለስ ጎረቤት ቤቱ እንዴት ነው ሲላት፣ በጣም ደህና ነው ትላለች። የጎረቤቱን ቤት ስትጠይቅም የሚመለስላት ይኸው ነው።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ዳለቻ እናቷን ጠራቻት።

«እማዬ፣ እንዳትቀየሚኝ። እዚያ ከፍ ያለው ሜዳ ላይ ብወልድ ቅር ይልሻል?»

እናትየው ለምን እንደሆነ ጠየቀች። ልጅቱ ግድግዳውን አየችና አንገቷን ደፋች።

«ቤትሽን ስለምትወጂው ዝም ብዬ ነበር» አለች። «ግን ይህ የሚመጣው ሕፃን ገና ሲወለድ ይህን አየር እንዳይስብ ፈራሁ።»

እመት አህያ ለልጇ ስትል የደበቀችውን፣ ልጇ ደግሞ ለእናቷ ስትል አውቃ ስትታፈንበት ከርማለች። እናትየው ወዲያው ከቤት ወጣች። ወደ እመት ጃርት ለመሄድ ነበር፤ መንገዱ ግን በወንዙ መጠጫ በኩል ነው፤ እዚያም እመት ላም፣ እመት በቅሎ፣ አቶ ቀበሮና አያ ጅቦ፣ ደግሞም እመት ጃርት ራሷ፣ ሁሉም ውሃ ሊጠጡ ወርደው ነበር። እመት ላም እንደ ወትሮዋ ቤቱ እንዴት ነው አለቻት።

ደህና ነው የሚለው ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ዋጠችው።

«ቤቴ እርጥብ ነው» አለች። «ግድግዳው ሻግቷል፣ ልጄ ታማብኛለች። ቄጠማውን በየቀኑ የማበዛው እንዳታዩብኝ ነው። እመት ጃርት፣ ነግረሽኝ ነበር፤ አስቀይሜሻለሁ፤ ይቅር በይኝ።»

ቀጥሎ እመት ላም ጉሮሮዋን ጠረገች። የእሷም ግድግዳ ከዕቃ መስቀያው በታች ተነፋፍቶ እንደሚረግፍ፣ ሰው ሲመጣ ጀርባዋን ሰጥታ እንደምትቆምበት ተናገረች። እመት በቅሎ፣ ያቺ ኩሩዋ እመት በቅሎ፣ የእሷ ምሰሶ ከሥሩ እንደበሰበሰና ከዐውደ ዓመት ወዲህ በረንዳ ላይ እንደምትተኛ አመነች። ለካ መንደሩ ሁሉ ቄጠማ ሲያጭድ የከረመው ለዚህ ኖሯል።

ዓይኖች ሁሉ ወደ አቶ ቀበሮ ዞሩ። አቶ ቀበሮ ፈገግ እንዳለ፣ እርጥበቱ ከወንዙ ጉም የመጣ እንደሆነ ማስረዳት ጀመረ። እንዳጋጣሚ አያ ጅቦ ሥራው የተመሰገነ መስሎት ጣልቃ ገባ።

«የእመት አህያ የአልጋ ጠፍር ለስላሳ ነበር» አለ በኩራት። «የእመት በቅሎ ኮርቻ ጠንከር ይላል፤ እሱንም ቢሆን ጨርሼዋለሁ። አቶ ቀበሮም ቶሎ በል፣ ግድግዳው ሳይፈርስ ዶሮዎቹን ተቀብለን እንሂድ ይለኝ ነበር። እኔ አልዘገየሁም።»

እመት ጃርት ረጋ ብላ፣ አቶ ቀበሮ በሥራው የሚተማመን ከሆነ አንድ ሳምንት በእመት አህያ ጓዳ ይተኛ ስትል ጠየቀችው። አቶ ቀበሮ ድንገት ቀጠሮ እንዳለው ትዝ አለው። ያ ቀጠሮ በጣም ሩቅ አገር መሆን አለበት፤ ከዚያ ቀን ወዲህ በዚያ ሜዳ ታይቶ አያውቅም።

በዚያው ቀን ሥራ ተጀመረ። መጀመሪያ ከፍ ባለው ደረቅ ሜዳ ላይ ሰፊ ዳስ ጣሉ፤ ሦስቱ ቤተሰቦች አንድ ላይ ገቡበት። ዳለቻ ፀሐይ በሚያገኘው ወገን ተኛች። ቀጥሎ ቄጠማው ሁሉ ከየቤቱ ተጠርጎ ወጣ። እመት አህያ ተሸክማ ያመጣችውን ምርጊት ራሷ በኮቴዋ ላጠችው። የመጀመሪያው ግንጣይ ሲወድቅ ዓይኗን ጨፈነች፤ ከዚያ በኋላ ግን አላቆመችም። ማገሩ ጠቁሮ፣ አንዳንዱ ሲነኩት የሚፈርስ ሆኖ ተገኘ። የበሰበሰው ወጣ፣ ደህናው በአመድ ታሸ፣ በርና መስኮቱ ተከፍቶ ለነፋስ ተሰጠ።

አያ ጅቦን እናባረው ያሉ ነበሩ። እመት ጃርት ግን ጉልበት ያስፈልገናል አለች። አፉን በገመድ ሸብ አድርገው ከቤቶቹ ጀርባ ቦይ እንዲቆፍር ሰጡት። ሲመሽ ይፈቱለትና አጥንት ይሰጡታል። በሦስተኛው ቀን ገመዱን ራሱ ይዞ መጣ። ሲቆፍርም ደስ ብሎት በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር።

እመት ጃርት በየጠዋቱ ከቤት ቤት እየዞረች እሾሁን ሰክታ ጉንጯ ላይ ታስነካለች። ገና ነው ትላለች። በማግስቱም ገና ነው። እመት አህያ አንድም ቀን ቶሎ በይ አላለቻትም።

መስቀል በዳሱ ውስጥ ተከበረ፤ አጥንቱ የወጣ ሦስት ቤት ፊት ለፊታቸው ቆሞ። ከመስቀል በኋላ በሦስተኛው ቀን፣ እኩለ ቀን ላይ፣ ዳለቻ በዳሱ ውስጥ ወለደች። እመት ላም በአንድ ወገን ነፋሱን ከለለችላት፣ እመት በቅሎ በሌላው። ውርንጭላዋ እግሮቿ ከሰውነቷ የረዘሙ፣ ጆሮዋ ከሁሉ የረዘመ፣ ልስልስ ያለች ነበረች። ወድቃ ተነሥታ፣ ደግማ ወድቃ፣ በመጨረሻ ቆመች። እመት ጃርት እንዳትወጋት ስለፈራች ከሩቅ ቆማ አየቻት። እመት አህያ ግን ሄዳ እመት ጃርትን አመጣቻትና ውርንጭላዋ አጠገብ አስቀመጠቻት።

ጥቅምት ሲጠባ እሾሁ ደርቆ ወጣ። እመት ጃርት ሁለት ቀን ደግማ ሞከረችው፤ ደርቆ ወጣ። ያኔ ጭድና ጭቃ ተቦክቶ፣ ጎረቤት በጎረቤት ቤት እየተዛወረ፣ ግድግዳዎቹ በስሱ እየተመረጉ፣ አንዱ ምርጊት ሲደርቅ ሌላው እየተደረበ አለቁ። እመት አህያ ለእመት ጃርት ምን ልስጥሽ ብትላት፣ በሚመጣው ክረምት ጎርፍ ለሚገባበት ሰው ይህን እንድትነግሪልኝ ነው አለችና ወደሌላ መንደር ለሥራ ሄደች።

ዳለቻ ልጇን አስከትላ ጓዳ ገባች። ወለሉ ባዶ ነው፤ ምንም አልተጎዘጎዘበትም። እናትና ልጅ ደረቁ ገለባ ላይ ጎን ለጎን ተኝተው ወዲያው እንቅልፍ ወሰዳቸው። እመት አህያ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሻቸውን አዳመጠች። ብዙ ቆየች። አንድም ጊዜ አልሳሉም።

ከዚህ የምንማረው የደረሰብንን ጉዳት አፍረንበት አሳምረን ብንሸፍነው የምንወዳቸውን እንደሚያሳምምብን፣ ገልጠን ለሚያውቅ ብናሳየው ግን ቤትም ጎረቤትም እንደሚድንበት ነው።